ችፌ በያዘኝ ጊዜ፣ አሰብ

ባሌ አሰብ ወደብ ተመድቦ ከደሴ በወረድን በዓመታችን ቀኝ እጄን ችፌ ያዘኝ። በዚያ ሙቀት ነጭ ሸሚዝ ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ ሥራዬ በበረኪና ማጠብ ሆነ። እጄ ቀላ፣ አሳከከኝ፣ ቀጥሎ በጣቶቼ መሐል ተሰነጣጠቀ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ መስሎኝ ጭራሽ በሳሙና እፈትገው ነበር። ይብላኝ ለእጄ።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ነበረችኝ፣ እዚያው አሰብ የተወለደች ሙስሊም። ሥጋ አብረን አንበላም፤ ዓሣ ግን እስላም ክርስቲያን የለውምና ሐሙስ ሐሙስ እሷ ትጠብሳለች፣ አንድ ሳህን ከበን እንጎራረሳለን። ባሌ ወደብ ይውላል፣ ዘመድ የለኝም። እሷ ባትኖር ጓዜን ጠቅልዬ ደሴ እገባ ነበር።

ችፌው ይጋባል ብዬ ፈራሁ፤ ልጆች አሏት። አንድ ሐሙስ «ሆዴን አሞኛል» አልኳት፤ በሚቀጥለው «በልቻለሁ»፤ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ። ከዚያ ወዲያ መጥራቱን ተወችው፤ ሰላምታዋም ቀዘቀዘ። እኔም ብሼ፣ ምን አደረግኳት ብዬ ተናደድኩ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ኮርቲዞን ያለበት ቅባት ሰጠኝ። «ስስ አድርገሽ ተቀቢ፤ በረኪና እንዳትነኪ። ሲሻልሽ አቁሚው፣ ሲበዛ ቆዳ ያሳሳል» አለኝ። ይጋባ እንደሆነ ስጠይቀው «በጭራሽ» አለ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ።

ነጠላዬን ገልጬ እጄን አሳየኋት።

«ለዚህ ነው የራቅሽኝ?» አለች።

«ለዚህ ነው።»

«እኔኮ ከእስላም ጋር አትብዪ ያሉሽ መስሎኝ...» ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ ያለኝን ልነግራት ስል ቁጣዋ ቀደመኝ። ቅባቱን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ቀባችኝ፤ የባሌን ሸሚዞች ወስዳ ከራሷ ልብስ ጋር ዘፈዘፈቻቸው። እንዴት እንደወደድኳት!

ቃሪያና ሎሚው ስንጥቁን ስለሚያቃጥለኝ ሐሙስ ሐሙስ እሷ ታጎርሰኝ ጀመር። ጉርሻዋ አፍ ይሞላል፤ ስትቆጣኝ መልስ እንዳልሰጥ ሆን ብላ ይመስለኛል።

ስንጥቁ ሲገጥም፣ መቅላቱ ገና ሳይለቀኝ፣ አንድ ሐሙስ «እኔንስ ማን ያጉርሰኝ?» አለችኝ። ዓሣውን ጠቀለልኩና እጄ መንገድ ላይ ቀረ። እንደማይጋባ እስከዚያ ቀን አልነገርኳትም ነበር። ልንገራት ብዬ ቀና ስል፣ አፏን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው።