ማማችንን የከበቡ ዕለት

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። እስከ አራተኛ ክፍል ስማር የጻፍኩት መምህራችን እያነበቡ የሚያስጽፉንን ቃል ጽሕፈት ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ሰው ስለሆንኩ ማውራቱም አይሆንልኝም። ይህ ነገር ግን እስከ ዛሬ ስለሚገርመኝ ልሞክረው።

በጣሊያን ጊዜ በቆሏችን ከይጁቤ ከተማ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው። ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ስለሚያጠፋው አባቴ የእንጨት ማማ ሠርቶ ጥበቃውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ድንጋይ እወረውራለሁ። የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ጣሊያኖች ከማዶ ጉብታው ላይ ምሽግ ሠሩ። ሲሚንቶው በካሚዮን መጣ፤ መንገዱ ሲያልቅ በበቅሎ ተጫነ። ሦስት ዙር እሾሃማ ሽቦ አጠሩና ረጅም ማማ አቁመው መትረየስ አወጡበት። ቀጥሎ ሽቦውን ሌባ እንዳይወስደው ሌሎች ወታደሮች ከውጭ ቆሙ። እኔ ማማ የማውቀው ከሥሩ እህል ሲኖር ነው። ከእነሱ ማማ ሥር ያለው ቋጥኝ ብቻ ነበር።

"አባ፣ ምን ዘርተው ነው የሚጠብቁት?" አልኩት።

"ፍርሃት ነዋ! እሱ ሳያርሱትም ይበቅላል" ብሎ ሳቀ። ጣሊያንን የሚወጉት አርበኞች የሚያልፉት በጉብታው ሳይሆን በገደሉ ውስጥ መሆኑን አገር ያውቃል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወንጭፌን ሳጮህ ጥይት መስሏቸው ኖሮ በቆሎው መሐል ወታደር ሞላ። መትረየስ የጫነች በቅሎ ሳትቀር መጥታለች።

"ውረድ! እጅህን አንሣ!" አለ አስተርጓሚው።

ወረድኩ።

"ሴት ናት እንዴ? የማን ሰላይ ነሽ?"

"ዝንጀሮ..." አልኩና ወንጭፌን አሳየሁ። ጣሊያኑ ሹም የድንጋይ ክምሬን በጫማው በተነው። ወንጭፌንም እያገላበጠ አየው። ከዚያ ማማው ሽፍታ ለመሰለል ይመቻል፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ነው ተባለና አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ ወጣበት። ሽፍታ የሚሏቸው አርበኞቹን ነው።

አስካሪው ጥይት ለሽፍታ ብቻ እንዲተኩስ ታዟል። ዝንጀሮዎቹ ይህን በሁለት ቀን አወቁ። በሦስተኛው ቀን በአፋፉ በኩል አገዳ ብቻ ቀረ። አባቴ ሊለምን ቢሄድ ጠመንጃ ስለተደገነበት ተመለሰ። እናቴ "እስቲ አንቺ ሂጂ፣ ልጅ ሲያዩ ይራሩ ይሆናል" አለችኝ።

ከማማው ሥር አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

"ምን ጠፋብሽ?" አለ አስካሪው ከላይ።

"በቆሎው... ካለቀ የምንበላው የለም።"

ዞር ብሎ ተመለከተ። አንድ ትልቅ ዝንጀሮ እንደ ባለቤት ተቀምጦ እሸት ይልጣል። አስካሪው ወደ ምሽጉም አየ፣ እኔንም አየ።

"ነይ ውጪ፣ እህቴ። አንቺ በቆሎሽን እዪ፣ እኔ ገደሉን አያለሁ። አለቃዬ ሲመጣ ግን ቶሎ ውረጂ።"