ቢ ሳውሙና ያልሞቱት ዓሦች

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ይህን ተረት ያወጣው ሰውዬ ቢ ሳውሙን አያውቃትም ማለት ነው።

ቢ ሳውሙ የዋሲኒ ደሴት ወጥ ሠሪ ናት። ሴቶቹ በማኅበር ሆነው ጀልባ ማቆሚያው ዳር የከፈቷት፣ ጣሪያዋ የኮኮናት ቅጠል የሆነ ምግብ ቤት አለች። እዚያች ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸርጣን በኮኮናት ስትቀቅል፣ ዓሣ ስትጠብስ ኖራለች። ጀልባዎቹ ጠዋት ጠዋት ጎብኚ ጭነው ወደ ኪሲቴ፣ ወደ ባሕሩ ፓርክ ይሄዳሉ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። የሚመለሰው ሰው ፀጉሩ በጨው የደረቀ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሆዱ የሚጮህ ነው። ቢ ሳውሙ ሰሃኑን ፊቱ ታስቀምጥና፣

«እህሳ፣ ምን አየህ?» ትለዋለች።

ሰው ደግሞ አፉ ሙሉ ሆኖ ሲያወራ አይዋሽም፤ ለመዋሸት ጊዜ የለውማ! አንዱ ስለ ኤሊው ይነግራታል፣ ሌላዋ ስለ ቢጫዎቹ ዓሦች መንጋ፣ ሦስተኛው ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ድንጋይ ሥር ተኝቶ ስላየው ትልቅ አፍ። እሷ እየለቀመች ታስቀምጣለች። ስትለቅም ስትለቅም፣ ባሕሩ ታች ያለውን ሰፈር እንደ ጓዳዋ አወቀችው። ለሚቀጥለው እንግዳ ደግሞ አሳምራ ታወራዋለች። አንገቷን ታስረዝምና፣ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከደን ከፈት እያደረገች፣ «ይኼ ኤሊ እኮ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ የሰፈር ሹም ነው፤ ሁሉንም ይሰማል፣ ምንም አይልም» ስትል፣ ሰው ሩዙን ከአፍንጫው ያወጣል በሳቅ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ኪሲቴ ሄዳ አታውቅም። ጀልባው ሲነሳ እሷ እሳት ታያይዛለች፤ ጀልባው ሲመለስ ድስቱ መውረድ አለበት። ማን ይሥራላት? ደሴቱ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንግዳው ግን ምን በወጣው ጠይቆ!

ታዲያ ነፋሱ ዞሮ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወር፣ የሴቶቹ ማኅበር ከጀልባ ባለቤቶቹ ጋር ተስማማ። አንዲት ሴት ከጎብኚዎች ጋር እየሄደች ስለ ፓርኩ ታስረዳ፤ ካፒቴኑ «ትችላለች» ካለ ቦታው የእሷ ነው ተባለ። ቢ ሳውሙ ንግግሩ ሳያልቅ እጇን አወጣች። ካፒቴኑ አትማኒ እዚያው ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ትን አለው።

«አንቺ?» አለ እየሳለ። «አንቺ ዓሣ የምታውቂው ከሎሚ ጋር ነው!»

አትማኒ የአክስቷ ልጅ ነው። እዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች መሰዳደብ መብታቸው ነው፤ ስድቡም ቂም አይያዝበትም። እንዲያውም ሁለቱ አንድ ቀን ሳይሰዳደቡ ከዋሉ ሰው «ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?» ብሎ ይጨነቃል።

«ከሎሚም ጋር ይሁን ከቃሪያ፣ አውቀዋለሁ» አለች።

«ሴትዮ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ውሃው ላይ ነኝ።»

«ቡሽም ውሃው ላይ ነው። ምን አወቀ?»

ሴቶቹ ጮኹ። አትማኒ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ጥርስ በሌለበት በኩል ፈገግ አለ። ይቺ ፈገግታ ከመጣች ነገር አለ ማለት ነው።

«እሺ። ሐሙስ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። እዚያው ኪሲቴ፣ በሕይወት ያሉ አሥር ዓሦችን በስማቸው ትጠሪልኛለሽ። ከጠራሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካቃተሽ ወደ ድስትሽ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ምሳ ላይ ለእንግዳ የማወራው እኔ ነኝ፤ አንቺ ሰሃን ታቀርቢና ዝም።»

ዝም! ለቢ ሳውሙ ዝም ከማለት መስጠም ይሻላል። ግን ያ ሁሉ ሴት እያየ ወዴት ይኬዳል?

«ሐሙስ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ድስቱን ለታናሽ እህቷ ለመጁማ አስረከበች።

«ጨው ላይ ተጠንቀቂ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ማወቅሽ።»

የዚያን ቀን ጎብኚዎች ከመሃል አገር፣ ከማቻኮስ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች፣ ሁሉም አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው፣ በላዩ ላይ ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ አጥልቀው፣ ጥሬ ማንጎ ላይ የበሰለ ማንጎ የደረቡ መስለዋል። ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አለቃቸው ማማ ንዱኩ አንድ ጎን ላይ ስትቀመጥ ጀልባው ወደዚያ ያዘነብላል፤ ለማመዛዘን ሦስት ሴቶች ወደ ሌላው ጎን ይላካሉ። ሞተሩ ሲነሳ መዝሙር ጀመሩ። ማዕበሉ ሲያነሳቸው ድምፁም አብሮ ይነሳል፣ ሲጥላቸው ደግሞ አብሮ ይወድቃል።

«ካፒቴን» አለች ማማ ንዱኩ በመዝሙሩ መሃል፣ «ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«እስከ ታች ነው፣ እማማ።»

ማማ ንዱኩ ይህን ሰው እንደማትወደው እዚያው ወሰነችና የቢ ሳውሙን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«እህቴ፣ አንቺ መቼም ለምደሽዋል።»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው በዚህ ሥራ» አለች ቢ ሳውሙ። ውሸት አልተናገረችም። የትኛው ሥራ እንደሆነ አልተጠየቀችማ! አትማኒ መሪውን እንደያዘ ሰማይ ሰማይ እያየ ያፏጫል።

ኪሲቴ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። እዚያ መልህቅ አይጣልም፤ ታች ያለው ድንጋይ ኮራል ነው፣ ሕያው ስለሆነ ይሰበራል። ጀልባው እዚያ ለማሰሪያ ከተተከለው ተንሳፋፊ ኳስ ጋር ታሰረ። ከፓርኩ መስመር ወዲህ መረብም መንጠቆም ክልክል ነው፤ የቢ ሳውሙ ድስት ውስጥ የሚገባው ዓሣ ሁሉ ከመስመሩ ወዲያ፣ ለደሴቱ ሰው ከተፈቀደው ውሃ የተያዘ ነው። አትማኒ ታቻቸው ተቆርጦ መስታወት የገባላቸውን ባልዲዎች አደለ። ባልዲውን ውሃው ላይ ጫን አድርገህ ወደ ውስጥ ስታይ፣ ባሕሩ መጋረጃው እንደተገለጠ ቤት ነው።

ቢ ሳውሙ ቢስሚላሂ ብላ አንገቷን ወደ ባልዲው ሰደደች።

ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሰርግ ነው ታች ያለው። ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ አረንጓዴው፣ ባለ መስመሩ፣ ባለ ነጠብጣቡ፣ ሁሉም እንደ ደሴቱ ሴቶች አዲስ ባለ ቀለም ካንጋ አገልድሞ የወጣ ይመስላል። ያ ሁሉ ሰው አፉ ሙሉ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት የነገራት ነገር እውነት ነው፤ እንዲያውም ቆጥበው ነው የነገሯት።

ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም የምታውቀው የለም።

«እህሳ» አለ አትማኒ ከጎኗ ተንበርክኮ፣ «ያ ትልቁ ድንጋይ አጠገብ ያለው ማነው?»

ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ዓሣ ነው። እያየችው መስመሩ ጠፋ፣ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ዓሣ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

«እሱ... እሱን እዚህ አካባቢ...»

«ቻንጉ ነው!» አለ አትማኒ። «ቻንጉ! በየቀኑ የምትጠብሽው!»

ቢ ሳውሙ ቀና አለች። ቻንጉ? የሷ ቻንጉ እኮ አመድማ ነው፤ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ጎኑ የገረጣ። ለካስ ዓሣ ሲሞት ቀለሙም አብሮት ይሞታል! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሬሳውን ነው።

ሁለተኛውን ተጠየቀች፤ አላወቀችውም። ታሲ ነበር። ሦስተኛውም አመለጣት። አትማኒ «ከሎሚ ጋር ቢሆን ኖሮ ታውቂው ነበር» እያለ ጭኑን ይመታል። ዘማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማማ ንዱኩ የያዘችውን ክንድ በቀስታ ለቀቀች፤ ይቺ ነገር ከአትማኒ ሳቅ ይልቅ አመመቻት።

እንባዋን ሰው እንዳያይባት መልሳ ባልዲው ውስጥ ገባች። ታች አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከንፈሩ ቀይ የተቀባ የመሰለ፣ ድንጋዩን ይግጣል። ልክ እንደ ፍየል! ግጦ ግጦ ዞር ሲል፣ ከኋላው ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ቦነነ።

አሸዋ ነው።

የቢ ሳውሙ እጅ አስታወሰ፣ አእምሮዋ ሳይሆን። ሆዱ ሲከፈት ሁልጊዜ ነጭ አሸዋ የሚሞላበት፣ ሳያጥቡት ከጠበሱት እንግዳው ጥርስ ውስጥ ቀርጨጭ ቀርጨጭ የሚል፣ ስንት ቢላዋ ያደነዘዘባት...

«ፖኖ!» ብላ ጮኸች። ጀልባው ተናጋ። «ፖኖ ነው! አንተ ሌባ፣ ይኼን ሁሉ አሸዋ ከየት ነው የምታመጣው እያልኩ ስረግምህ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምትበላው?»

«ምን?» አሉ ሴቶቹ።

«ድንጋዩን ይበላና አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል! ያ ጠዋት ጫማችሁን አውልቃችሁ የቆማችሁበት ነጭ አሸዋ፣ ግማሹ ከዚህ ዓሣ ሆድ የወጣ ነው።»

አሥራ ዘጠኙም ሴቶች እግራቸውን አዩ። ከዚያ ሳቁ ሲፈነዳ የፓርኩ ወፎች ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ቀለሙን ተወችውና አፍ አፋቸውን፣ ሥራ ሥራቸውን ታይ ጀመር። «ያ ከንፈረ ወፍራሙ ቻንጉ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ፤ ተመልከቱት፣ ቀንድ አውጣውን በመንጋጋው ሲሰብር። ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ የቅርፊት ስብርባሪ ነው የማገኘው። እነዚያ ተሰብስበው ሣር የሚነጩት ታሲዎች ናቸው፤ እሾሃቸው አንዴ አውራ ጣቴን ወግቶኝ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ነበርኩ። አንጀታቸው ከፈነዳ ደግሞ ድስቱ በሙሉ ይመርራል። ወደዚህ እዩ፣ ወደዚህ፣ ያ ጉድጓድ ውስጥ አፉን እንደ በር ከፍቶ የተቀመጠው ቴዋ ነው። ሰነፍ ነው፤ ምግቡ ቤቱ ድረስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። አንዴ ከሆዱ ሸርጣን ከነእግሩ አውጥቼ እሱንም ቀቅዬዋለሁ!»

«እንደ ባሌ ነው» አለች አንዷ ዘማሪ።

«ሸርጣኑ ወይስ ቴዋው?»

ማማ ንዱኩ በጣቷ ትቆጥራለች። አራት። አምስት። ባለ ሁለት ጢሙ፣ አሸዋ እየጫረ እንደ ዶሮ የሚለቅመው፣ ስድስት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ደረሰ። አትማኒ ማፏጨቱን ትቷል።

«አሥረኛውን እኔ ነኝ የምመርጠው» አለና ጣቱን ቀሰረ። «ያቺን።»

አውራ ጣት የማታክል ናት። ሰማያዊ፣ ጅራቷ ብቻ ቢጫ፣ የኮራሉ ቅርንጫፍ ውስጥ ገባ ወጣ የምትል። ቢ ሳውሙ አፏን አየች፣ አበላሏን አየች። የለም። ቢላዋዋ ሥር መጥታ አታውቅም፤ ማን ይቺን ያጠምዳል?

ስም ልታወጣላት ትችል ነበር። አፏ እንደሆነ ሰነፍ አይደለም፤ «ሙሽሪት ትባላለች» ብትል ማንም ዘማሪ ይቀበላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማችውን እንዳየች አድርጋ ስታወራ ምላሷ አንድ ቀን ተደናቅፎ አያውቅም። ግን ለካስ በዓይን ባዩት ነገር መዋሸት ይከብዳል።

«ይቺን አላውቃትም» አለች። «ድስቴ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ወደፊትም አትግባ!»

«ዘጠኝ!» ብሎ ዘለለ አትማኒ። «ዘጠኝ ብቻ! ሴትዮ፣ ድስትሽ ናፍቆሻል!»

«ቆይ፣ ካፒቴን» አለች ማማ ንዱኩ። ስትነሳ ጀልባው አዘነበለ፤ ሦስቱ ሴቶች ሳይነገራቸው ወደ ሌላው ጎን ሄዱ። «እስቲ አንተ ስሟን ንገረን።»

«የማን?»

«የዓሣዋን ነዋ!»

አትማኒ ኮፍያውን አወለቀ፤ አየው፤ መልሶ አደረገው።

«እኛ እንግዲህ... ትንሿ ሰማያዊ ነው የምንላት።»

«ይኼማ ስም አይደለም! ይኼንንማ እኔም ከማቻኮስ መጥቼ እላታለሁ! ሠላሳ ዓመት ነው ያልከው?»

«ሠላሳ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ዘማሪዎቹ ይህን እንዲሁ አላለፉትም። እዚያው በዜማ አደረጉት፣ በሦስት ድምፅ፣ «ትንሿ ሰማያዊ» እያሉ። እስከ ዋሲኒ ድረስ አላቆሙም። አትማኒ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ መሪውን ይዞ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል፤ የሳቅ ነው። ደሴቷ ልትታይ ስትል ወደ ቢ ሳውሙ ጠጋ አለ።

«የአሸዋው ነገር እውነት ነው?»

«ና ቢላዋዬን ላሳይህ።»

«ስንት ዓመት በባዶ እግሬ ስሄድበት» አለ ራሱን እየነቀነቀ።

ምሳ ሲቀርብ ቢ ሳውሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠች። ፀጉሯ ከሻርፗ ሥር በጨው ደርቋል፣ ዓይኗ ቀልቷል። መጁማ ፊቷ ሰሃን አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እህሳ፣ ምን አየሽ?»

ቢ ሳውሙ አፏን በሩዝ ሞልታ ማውራት ጀመረች። ሸርጣኑ ጨው በዝቶበታል፤ ግን ይህን ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኘችም። መጁማ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት፣ ጎንበስ ብላ ትሰማለች።

ሰሃን የሚያመላልሰው አትማኒ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ውሃ ቀዳ፣ ሎሚ ቆረጠ፣ ለማማ ንዱኩ ሁለተኛ ሸርጣን አመጣ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ የቢ ሳውሙን ባዶ ሰሃን ሲያነሳ፣

«ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጀልባው ጋ» አለ። «ካረፈድሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው።»

«ዝም ብለህ ሎሚውን አምጣ» አለችው።