አባቴ ለባጃጅ ሹፌሩ ያደረጉት ዱዓ

በሰላሳ አራት ዓመቴ በባጃጅ ሹፌር ቀናሁ።

ዛሬ ጠዋት ነው። አባቴን ልጠይቅ ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ወርጄ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። የአባቴን ስም ጠርቼ ቤቱን ላሳየው ስል ሹፌሩ ሰይድ ሳቀ።

«የአባቴን ቤት ልታሳዪኝ ነው እንዴ? ያለ እሳቸው ዱዓ እኮ ሥራ አልጀምርም!»

«የአባቴን» ያላትን ቃል እንደምንም ዋጥኳት።

ስንደርስ አባቴ በር ላይ ነበሩ። ሰይድ ወርዶ አንገቱን ደፋ። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አድርገው «አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ በልጆችህ ያስደስትህ» እያሉ ቀጠሉ። አያልቅም! እኔን ያ እጅ የሚያውቀኝ በኩርኩም ነው።

(ጃኬቴን ያወለቅኩት በቆላው ሙቀት ነው። ፊቴ የጋለው ግን በሙቀቱ አይደለም።)

ሰይድ ሲሄድ ሳላስበው እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ወደቀብሽ?» አሉኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«ዱዓ ፈልጌ ነው፣ አባ።»

መሬቱን ማየት ተዉ። «እሱ በየጠዋቱ ዱዓ አድርጉልኝ ይለኛል። አንቺ መቼ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ልጅም ይለምናል እንዴ ልል ነበር። ተውኩት፤ ቀና ግን አላልኩም።

የኔ ዱዓ «አላህ ይጠብቅሽ» ብቻ ነበር። የሰይድ ይረዝማል፤ አሁንም እየቀናሁ ነው። እጃቸው ግን ከራሴ ላይ ለመነሳት አልቸኮለም።

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ ለሌላ ሰው ሲሰጡ አይታችሁ የቀናችሁበት ነገር ምንድን ነው? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልቅና።