የደምለው ፒክአፕ ለምን ፈላች?

ደምለው በሾፌርነት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ መኪና ገልብጦ፣ ሰው ገጭቶ አያውቅም። በ2001 ዓ.ም. ቢቸና ላይ የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ነጭ ፒክአፕ ቧንቧና ሲሚንቶ ጭና በጠጠሩ መንገድ መመላለስ ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው።

ጥር ላይ መኪናዋ መፍላት ጀመረች። ዳገት ስትይዝ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ይወጣል። ደምለው ዳር ይዞ ይቆምና እስክትበርድ ጠብቆ ራዲያተሩን በጀሪካን ውሃ ይሞላል። አንድ ቀን ቸኩሎ ሳትበርድ ክዳኑን ቢከፍት ፍል ውሃው ገንፍሎ ግራ ክንዱን ላጠው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ገላው ቢሮ ጠሩት።

«ሞተሩ አልቋል ማለት ነው፤ መኪናዋ ትቁም» አሉት። «አንተም ለጊዜው መጋዘን ትጠብቃለህ።»

ደምለው አንገቱን ደፋ። መጋዘን መጠበቅ አሳፍሮት አይደለም፤ የመኪና መሪ ሳይጨብጥ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ነው።

«ሞጣ አንዲት ጎበዝ ሜካኒክ አለች ይላሉ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ትያትና ከዚያ ይቁረጡ።»

አቶ ገላው ፈቀዱለት። ማለዳ በብርዱ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ቆሞ፣ ሞጣ ሲገባ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ቱታ የለበሰች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ጎማ ትፈታለች።

«ሜካኒኳን ፈልጌ ነበር» አላት።

«እኔ ነኝ፤ ይርጋነሽ እባላለሁ። ይቀመጡ ጋሼ፣ እስክትበርድ አልነካትም።»

ቆይታ ሞተሩን በመዳፏ ዳሰሰችና የራዲያተሩን ክዳን ከፈተች። ጣቷን ሰድዳ ስታወጣው እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ቡናማ ነገር ተከትሎ ወጣ።

«ምንድን ነው የሚጨምሩላት?»

«ውሃ። ከራሳችን ጉድጓድ። ንጹሕ ነው፣ ሰው ይጠጣዋል እኮ!»

ይርጋነሽ ሳቅ አለች። «ለሰውማ ጥሩ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ሲጋገር አይተው የለ? ሞተሩም ውስጥ እንደዚያው ይጋገራል። ግን ይሄ የውሃ ብቻ አይደለም። ሌላስ?»

 ደምለው ለማንም ያልነገረው ነገር ነበር። ታኅሣሥ ላይ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጉደሉን አይቶ፣ ከገበያ አንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ኩላንት ገዝቶ በነበረው ቀይ ላይ ጨምሮበታል። መፍላት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቀስ ብሎ ነገራት።

«ሁለቱ አልተስማሙም፤ ረግተው መተላለፊያውን ዘጉት» አለችው።

«እንግዲያው ቀይ መግዛት ነበረብኝ?»

«በቀለሙ አይሂዱ ጋሼ። አንዱ ፋብሪካ ቀይ የሚያደርገውን ሌላው አረንጓዴ ያደርገዋል። የመኪናዋ መጽሐፍ የት አለ?»

መጽሐፉ ከነላስቲኩ የመኪናዋ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፍቶት አያውቅም። ይርጋነሽ ገጹን አግኝታ፣ የተጻፈውን የኩላንት ዓይነት በጣቷ አሳየችው። ከመደርደሪያዋም ያንኑ ስም የያዘ ጀሪካን አወረደች።

«ኩላንት ውሃ በረዶ እንዳይሆን ነው ይላሉ፤ እኛ አገር ምን ያደርጋል?» አለ ደምለው።

«ዝገት ይከላከላል። ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል። ደጋ ላይ ደግሞ ውሃ ከቆላው ቀድሞ ይፈላል። ይኸው የክዳኑ ጎሚኒ፣ ይህ የጎማ ቀለበቱም ተሰነጣጥቋል፤ ግፊቱን አልያዘም።»

ከሰዓት በኋላ ደምለው ለአቶ ገላው ስልክ ደወለ። መኪናዋ አርጅታ ነው ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «የማይስማማ ኩላንት ደባልቄ፣ የጉድጓድ ውሃ ደርቤበት ነው። ሞተሩ ደኅና ነው።»



«አንተ ባትነግረኝ ማን ያውቅ ነበር?» አሉ አቶ ገላው። «በል አሠርተህ ና። ስትመለስ ሞጣ ያሉትን ቧንቧዎች ጫን።»

ማጠቡ ሁለት ቀን ፈጀ። ደምለውም እጅጌውን ሰብስቦ አብሯት ሠራ። ውሃ እየሞሉ፣ ሞተሩን እያስነሡ፣ አብርደው እያፈሰሱ፣ የሚወጣው ውሃ ከቡናማ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ጥርት ወዳለ ተለወጠ። በመጨረሻ ኩላንቱን ለባትሪ ከሚሸጠው የተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው ሞሉት፤ ክዳኑንም በአዲስ ቀየሩ።

በሦስተኛው ቀን ቧንቧ ጭኖ ወደ ቢቸና ተነሣ። ትልቁ ዳገት ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከመንገዱ ወደ መርፌው፣ ከመርፌው ወደ መንገዱ ተመላለሰ። መርፌው እኩሌታ ላይ ነው።  ጫፉ ላይ ሲወጣ ከልምድ የተነሣ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎት የለም። ብቻውን ቆሞ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሣ፣ የኩላንት ማጠራቀሚያውን ልክ ያያል። የተሞላበትን ቀንና የኩላንቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ኮፈኑ ሥር ለጠፈው። ሌሎች ሾፌሮች መጀመሪያ ቀለዱበት፤ በኋላ ግን እየመጡ ያዩለት ጀመር። በዚያ ዓመት የሰኔ ዝናብ ሳይገባ፣ ፕሮጀክቱ በመርጡለ ማርያም በኩል ሰባት ፓምፖች ተከለ። ሰባቱንም ጭና ያደረሰችው ያቺው ፒክአፕ ናት።