አያ ሞላ የጠየቁኝ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ሥራዋን ልታሳየኝ ኮምፒውተሯን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ስክሪኑ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ፕሮቲን ይዞራል፤ በጎኑ ካለችው ጎድጓዳ ቦታ አንዲት የመድኃኒት ሞለኪውል ተሸጉጣለች። ልጅቷ ደስ ብሏት ታስረዳኛለች። እኔ ግን አያ ሞላ ትዝ ብለውኝ ግማሹን አልሰማኋትም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የማጠናውም ይህንኑ ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሬን ይዤ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው የአባቴ ሱቅ እሄድ ነበር። አያ ሞላ ከወገራ ባቄላና ተልባ እያመጡ ለአባቴ የሚሸጡ ገበሬ ነበሩ። የሁለቱ ወዳጅነት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ለዒዳችን ማር ሳይዙ መጥተው አያውቁም።

አንድ የነሐሴ ቀን ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ገቡ። ፍልሰታ ነበርና እናቴ ተልባ በጥብጣ በዳቦ አቀረበችላቸው። እየበሉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚዞረው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ጠያቂ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ዘረዘርሁት።

«ቫይረሱም የሰውነታችን ሴልም ልብስ የመሰለ ሽፋን አላቸው» አልኋቸው። «ቫይረሱ ሲጠጋ ይህ የታጠፈ ክንድ ይዘረጋና ሁለቱን ሽፋን አንድ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ ገባ ማለት ነው። እኛ ክንዱን እንደታጠፈ የሚያስቀር መድኃኒት እንፈልጋለን።»

ብርጭቆውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው ያልሽኝ? መድኃኒቱ ደርሷል?»

«ገና ነው አያ። ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

ፊታቸው ጠቆረ። ለድካሜ ያዘኑልኝ መሰለኝ። «ሸጋ ነው፣ በርቺ» ብለውኝ ተነሡ። ምነው ጠየቁኝ አላልሁም። ለተነከሰ ሰው ክትባት እንዳለ፣ ቁስሉም ወዲያው በሳሙናና በውሃ መታጠብ እንዳለበት አልነገርኋቸውም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ልጃቸውን ዘነቡን ጎንደር ሆስፒታል አመጧት። ሃያ ዓመቷ ነው። ሐምሌ ላይ ውሻ እጇን ነክሷት ነበር፤ ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ቶሎ ድኗል። ከአባቴ ጋር ልንጠይቃት ስንገባ ከንፈሯ በጥም ደርቆ ነበር፤ ነርሷ ውሃ ስታቀርብላት ግን ጉሮሮዋ ይታነቅና ትንፈራገጣለች። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ ጊዜው እንዳለፈ ነገረን። ለሰው ሳስረዳው የኖርሁትን ነገር ያን ቀን ገና በዓይኔ አየሁት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቀብር ወገራ ስንወጣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት ነበር። ከቀብሩ በኋላ አያ ሞላ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ያን ቀን የጠየቅሁሽ ለእሷ ነበር። ብዙ ዓመት ስትይኝ፣ የሰው መድኃኒት ከሌለው ብዬ ጠበል ወሰድኋት።»

ክትባት ነበረ ማለት አቃተኝ። ነሐሴ ላይ ገና ጊዜ ነበረ።

ከዚያም በኋላ ለዓመታት ባቄላቸውን ማምጣት አልተዉም፤ ሲያገኙኝም ጉንጬን ስመው ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል። ስለ ክትባቱ ከሐኪሞቹ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ይቅርታ ልላቸው እያሰብሁ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ፣ አምና ሞቱ።

የመለስሁላቸው መልስ ስሕተት አልነበረበትም፤ መድኃኒቱ እስከ ዛሬም አልደረሰም። አሁን ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ቤተሰቡ ደኅና መሆኑን እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ደኅና ነን ይሉኛል። እኔም «ውሻ የነከሰው ሰውስ የለም?» ብዬ ደግሜ እጠይቃለሁ።