ከፒያኖ ሆድ የወጣው ሳንቃ

«ኳ» ይልና ከኋላው «እምምም…» እያለ ይቆያል። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሼ መልከጸዴቅ አንዱን ሳንቃ ጫፉ ላይ በሁለት ጣት አንጠልጥለው መሐሉን በጣታቸው አንጓ ሲያንኳኩት የሚወጣ ድምፅ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1996 ነው። ከአገር ርቄ፣ ቡሪየን በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ የጋሼንና የባለቤታቸውን የእትዬ ባየሽን ምድር ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ጋሼ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑ ይውሉና፣ ቤት እንደደረሱ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጋራዡ ውስጥ ይገባሉ። ጊታር ይሠራሉ። ይሠራሉ ስል፣ እስከዚያ ድረስ ሁለት ሠርተው ሁለቱም አልሆኑላቸውም።

ፈራጁ የልብ ወዳጃቸው ጋሽ ገብረንጉስ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በየሆቴሉ ጊታር ሲመቱ የኖሩ፣ ጆሯቸው ምሕረት የማያውቅ ሰው። የመጀመሪያውን ነካ አደረጉና፣ «ካርቶን» አሉ። ሁለተኛውን ደግሞ፣ «ይሄስ ደህና ነው፤ መጽሐፍ ይደረደርበታል።» ይህን ብለው ይነሡና በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመው ይሰናበታሉ፤ እትዬ ባየሽን፣ እኔን፣ ሰላምታቸውን በስልክ እንዳደርስላቸው እናቴን፣ ከዚያ እንደገና ጋሼን። ስንብታቸው ሁልጊዜም ከጨዋታቸው ይረዝም ነበር።

ከሁለተኛው በኋላ እትዬ ባየሽ ቁርጡን ተናገሩ።

«ሶ፣ ሦስተኛው እምቢ ካለህ መጋዝህን ትሰቅላለህ። መኪናዬን ዝናብ ላይ ፓርክ ማድረግ ሰልችቶኛል።»

«ኦኬ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ቅጥን ብሎ።

ጥፋታቸው ግን ገብቷቸው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንጨቱን የመረጡት በዓይናቸው ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው ያ ስስ ሳንቃ፣ የጊታሩ ፊት፣ ካልተርገበገበ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። እናም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሳንቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠሩኝ። አንዱ ከእንጨት መደብር የመጣ፣ ስፕሩስ የሚሉት፣ ጥድ መሰል፣ እንደ ቅቤ የነጣ እንጨት ነው። ሁለተኛው ሲዳር የሚሉት፣ ዝግባ መሰል ቀይ እንጨት። ሦስተኛው ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር መንገድ ዳር ከተጣለ አሮጌ ፒያኖ ሆድ ውስጥ ፈልቅቀው ያመጡት፣ ውሃ የነካው፣ ጠቆር ያለ ነገር።

«እሱ ደግሞ ያረረ ቂጣ ነው የሚመስለው!» አሉ እትዬ ባየሽ ከበሩ ላይ።

ጋሼ ሳንቃዎቹን ለእኔ ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ ሃኒ፣ እንዳሻሽ እያቀያየርሽ ምቺ። የትኛው እንደሆነ እንዳትነግሪኝ።»

ነጩን መታሁት። «ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ይደክማል» አሉ ጋሼ።

ሲዳሩን። «ጨዋ ነው፤ አፉን ግን አይከፍትም።»

ያረረውን ቂጣ። ድምፁ ጋራዡን ዞሮት ሲያበቃ እንኳ ገና አልጠፋም ነበር። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ድገሚው!»

ላታልላቸው ነጩን መታሁ።

«አታጭበርብሪ! የቅድሙን ነው ያልኩሽ!»

አራት ጊዜ አቀያየርኩባቸው፤ አራቱንም ጊዜ ያንኑ አንዱን ያዙት። ዘወር ብለው ሲያዩትማ በሳቅ ፈረሱ። «ባየሽ! ቂጣሽ ነው! ያረረው ቂጣሽ!» እኔም እንደ ሕፃን ዘለልኩ። «ስንት ዘመን ቤት ውስጥ ሲደርቅ፣ ሙዚቃ ሲሰማ የኖረ ነዋ» ይሉኝ ነበር በኋላ፣ እየላጉ።

በልግ አልፎ፣ የዚያ አገር በጋም አልፎ፣ ዝናቡ ሲመለስ ጊታሩ አለቀ። ጋሽ ገብረንጉስ መጡ፤ ኮታቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ጥቁሩን እድፍ እያዩ፣ «ይሄንን ከየት ቃጠሎ አወጣኸው?» አሉ።

«አንተ ምታው እንጂ!»

አንድ ክር ነኩ። ጠበቁ። ያንኑ ክር ደገሙት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጣቶቻቸው መሮጥ ጀመሩ። ሳሎኑ በድምፅ ተሞላ። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ላብ ያጠምቃቸዋል። እትዬ ባየሽ መኪናቸውን ጋራዡ ውስጥ ለማስገባት ተዘጋጅተው ቁልፋቸውን ጨብጠዋል።

«እህ፣ እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ እትዬ ባየሽ አላስችል ብሏቸው።

ጋሽ ገብረንጉስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ወደ ሌላ ዜማ ተሻገሩ። እንደገና ሲጠየቁ ጭራሽ ፍጥነት ጨመሩ። እትዬ ባየሽ ጋሼን አዩዋቸው፤ ቁልፉን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ጋሽ ገብረንጉስ እየተጫወቱ ተነሡ። ኮታቸውን ወንበሩ ላይ እንደጣሉት፣ በሩን በክርናቸው ገፍተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ከነጊታሩ ወጡ።