ዲያቆኑ የሸፈነው ጦር

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የሐይቁን ዳርቻ ሲያርሰው፣ ያ የእርጥብ ጭቃ ሽታ ዘንድሮም መጣ። ሌላ ሰው ሲሸተው እርሻው ይታወሰዋል፤ ለእኔ ግን የጭቃ ፈረሰኛ ነው የሚታየኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የዓሣ አስጋሪው ልጅና ዲያቆኑ። የውጭ አገር ሰዎች፣ ያውም ሽበት የወረራቸው፣ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የድሮ ጦርነት ሲጫወቱ በስልክ አየንና ቅናት ያዘን። የሚሸጥ ወታደር ሐይቅ ከተማ ከየት ይምጣ? ከውኃው ዳር ጭቃ አመጣን፤ ሰው አስመስለን፣ ጋሻና ጦር አስይዘን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። የፈረሶቹ ጭራ ከአሮጌ መረብ የተመዘዘ ክር ስለነበር ሠራዊታችን በሙሉ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር።

የምንዋጋው ሰገሌን ነበር፤ ወሎና ሸዋ ተፋልመው ወሎ የተሸነፈበትን። ሁላችንም የወሎ ልጆች ነንና ሸዋን እመራለሁ የሚል ስለጠፋ ዕጣ ጣልንና ለዲያቆኑ ደረሰው። ወሎን የአስጋሪው ልጅ ያዘ፣ እኔ ዳኛ ሆንኩ። ሜዳችን አስጋሪው ግቢ የተጋደመ የአሮጌ ጀልባ ሳንቃ ነበር። ማን እንደሚወድቅ የሚወስነው የሉዶ ዳይስ ነው፤ እሱም የሸዋ ዘመድ ይመስል ለዲያቆኑ ያደላል። የአስጋሪው ልጅ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ይበሽቃል፣ ግን አይተውም።

አንድ ሕግ ነበረን። አዛን ሲል ጦርነቱ ይቆማል፤ እኛ ሁለታችን መስጊድ ስንሄድ ዲያቆኑ ሜዳውን ይጠብቃል። እሱ ቅዳሴ ሲሄድ እኛ እንጠብቅለታለን። ጦርህን አደራ የምትሰጠው ለጠላትህ ነበር ማለት ነው።

የአስጋሪው ልጅ ቪዛው መጣና ሰኞ ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ሆነ። «ሰገሌን ሳላሸንፍማ አልሄድም፣ ወላሂ!» አለ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተዋግቶ ተሸነፈ። ዲያቆኑ አዝኖለት «ልልቀቅለት እንዴ?» ብሎ በጆሮዬ ሲያንሾካሹክ የአስጋሪው ልጅ ሰማው። «ብትለቅልኝ እስከ መቼም አላናግርህም!»

እሁድ ዲያቆኑ አዲስ ነጠላውን እንደለበሰ ከቅዳሴ መጣና እንደገና ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሸዋ ግራ ክንፍ ተሰበረ። ዳይሱ አንዴ ቢቀናው ድሉ የወሎ ነበር። የአስጋሪው ልጅ ልክ ሊጥል ሲል የዙሁር አዛን ተሰማ። ዳይሱን ሳንቃው ላይ አስቀመጠና «ተራው የኔ ነው፣ እንዳትነካው» ብሎት ሄድን።

መስጊድ ውስጥ እያለን ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ሰግደን እንዳበቃን ጫማችንን በቅጡ ሳናጠልቅ ሮጥን። ስንደርስ ዲያቆኑ በሸሚዝ ብቻ በስብሶ ይንቀጠቀጣል። ነጠላውን አጥፎ ደራርቦ የወሎን ጦር አልብሶታል፤ በላዩም ሳይጫነው አጎንብሶበታል። የራሱ ጦር ቀልጦ በሳንቃው ጠርዝ ይወርዳል።

«ያንተንስ?» አለው የአስጋሪው ልጅ።

«አደራ የተሰጠኝ ያንተ ነው» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

እኔ በዳኝነቴ «በቃ፣ ወሎ አሸንፏል!» አልኩ። የአስጋሪው ልጅ ግን ጭቃውን አየውና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ዝናብ ያመጣውን ድል ምን ላድርገው? መልሰህ ሥራቸው። ኢንሻአላህ ስመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።»

«አብሽር፣ ወላሂ እሠራቸዋለሁ» አለ ዲያቆኑ። በነጠላው ፈንታ ጭቃ ለብሶ ወላሂ ሲል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሦስታችን አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው መጨረሻው።

ዲያቆኑ ቃሉን ጠበቀ። የሸዋን ጦር አንድ ሳያስቀር ሠርቶ በየቦታው አቆመ፤ ሳንቃውንም አስጋሪው መረብ የሚያኖሩባት ጎጆ ውስጥ አስገባነው። ጎጆዋ ታፈሳለች። ስለዚህ የአስጋሪው ልጅ በየክረምቱ ከሪያድ ይደውል ነበር። ሰላምታ ሳያስቀድም «ዘነበ?» ይላል። «ዘነበ» ስለው፣ «ሸፈናችሁት?»

ዘንድሮ ዘነበ፣ እሱ ግን አልደወለም። ስልኩ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ አባቱም ወሬ ይኖር እንደሆነ መጠየቁን ትተዋል። ናፈቀኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ዲያቆኑ ዛሬ ቄስ ነው፤ በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚያች ጎጆ ውስጥ ግን አንተ ነው። ትናንት ሳልጠራው በዝናብ መጣ፤ በብብቱ ነጠላ ይዟል።

«ላስቲክ አለ እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ጫፍና ጫፉን ይዘን በወሎ ጦር ላይ ዘረጋነው። ዳይሱን አልነካነውም፤ ተራው የእሱ ነው።